የውዴ ጉድጓድና የተስፋነህ ፎም

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እውነት ብቻም አይደለም፤ ደብረ ታቦር ላይ ከተደረጉት እውነቶች ሁሉ እውነቱ ይህ ነው። ጸሐፊው አንዲት ቃል ጨምሮ ከሆነ የጉና ብርድ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ አይውጣ፤ አንዲት ቃል ቀንሶ ከሆነም እንደዚያው። ኢየሱስን! ጸሐፊው ጎልማሳ ከሆነ ወዲህ ዋሽቶ አያውቅም፤ ከዚያ በፊት ለዋሸውም ንስሐ ገብቷል። የሚጠራጠር ካለ ውዴ በሕይወት አለች፤ ሄዶ ይጠይቃት።

ውዴ ደብረ ታቦር ጫፍ ላይ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቁመቷ ባሕር ዛፍ ያስንቃል፤ በር ላይ ጎንበስ ስትል ደመና የወረደ ይመስላል። ድምፅዋስ? ከደጇ ሆና ዶሮዎቿን ከጠራች የጋፋት ዶሮዎች ሁሉ መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። ባሏ ቢሆነኝ ስመ ጥር ገበሬ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳቸውን በላው፤ ቤታቸውና ጓሯቸው፣ ከከተማው ወጣ ብላም አንዲት ቁራጭ መሬት ቀረቻቸው። ቢሆነኝ ሲሞት ያቺን ቁራጭ መሬት ሰው በእኩል ያርስላት ጀመር። አንዲት ልጃቸው ትዝታ ገሳይ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ በየበዓሉ እየመጣች፣ “እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ፤ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?” ትላታለች።

የውዴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። “እህሌ ያለቀ ዕለት እመጣለሁ።”

እህሏ ግን አያልቅም፤ ጉድጓድ አላታ።

ጉድጓድ ሲባል የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዳይመስላችሁ። የእህል ጉድጓድ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ግድግዳው በእበት የተለቀለቀ፣ ታቹ ጭድ የተጎዘጎዘበት። አፉን በሰፊ ድንጋይ ይከድኑና ዙሪያውን በጭቃ ይመርጉታል፤ ከዚያ የላዩን መሬት ለቅልቀው ምንም እንዳልነበረ ያደርጉታል። የቢሆነኝ ጉድጓድማ ሠርግ ይደገስበት ነበር፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እታች ሆኖ ቢጨፍር ላይ የቆመ ሰው አይሰማም። አፉ ያለው ማድቤቱ ውስጥ፣ ከዶሮዎቹ ቆጥ ሥር ነበር።

ጉድጓድ ያለው ሰው ደግሞ ስለ ጉድጓዱ አያወራም። ለጎረቤት አይነግርም፤ ለአበልጅ አይነግርም፤ ልጆቹ ራሳቸው የሚያውቁት አፋቸውን መግጠም ሲችሉ ነው። “ጉድጓድ አላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የተጠየቀም “የለንም” ይላል፤ ይህ እንደ ውሸት ተቆጥሮ አያውቅም። መንገድ ተዘግቶ፣ ተኩስ ተሰምቶ፣ የገበያ ሰው ባዶ ማዳበሪያ ይዞ በሚንከራተትበት በዚያ ክፉ ወቅት ከውዴ ቤት ጭስ ያልተቋረጠው አፏ ስለተገጠመ ነው።

አንድ ችግር ግን ነበረ። ከተማው መሬቱን ሲሸነሽን ቀያሾች መጥተው ካስማ ተከሉ፤ የአጥሩም መስመር በጉድጓዱ ሆድ ላይ አለፈ። አፉ ከውዴ ማድቤት ቀረ፤ ሆዱ ግን በአጥሩ ሥር ተሻግሮ ሰው ግቢ ገባ። ቢሆነኝ ካስማው ሲመታ ቆሞ ያይ ነበር። ምንም አላለም። ሲሞትም “ጉድጓዷን አደራ” ብሎ ሞተ።

በአጥሩ ማዶ ቤት የሠሩት መምህር ዳኛቸውና ባለቤቱ ሕይወት ናቸው፤ ከሌላ አገር የመጡ፣ ደግ ሰዎች። ቢሆነኝ የሞተ ጊዜ ሕይወት ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ሐዘንተኛው ተበትኖ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ እሷ ግን እስከ አርባው ማታ ማታ ምንጣፏን ይዛ እየመጣች ከውዴ ጋር አደረች። ውዴ ይህን አልረሳችም። አለመርሳቷ ነው ኋላ ያንገበገባት።

ዳኛቸው የቤቱን ወለል ኮንክሪት ሞላው፤ በላዩም ሊሾ አስመታበት። ሊሾውማ! ሕይወት ፀጉሯን የምታበጥረው ወለሉን እያየች ነበር። ታዲያ ክረምት መጣ፤ ክረምት ሄደ፤ ሌላም ክረምት መጣ፤ ሳሎኑ በውዴ በኩል ባለው ጎኑ ሰመጠ። ትንሽ ነው የሰመጠ የሚሉ አሉ። ትንሽ! ኳስ ቢለቁበት ወረታ ላይ ነው የሚለቀመው። ሰሃን ሲቀመጥ ወጡ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል፤ በከፍታው በኩል መብላት የጀመረ እንግዳ ሳይጠግብ ዝቅታው ጋ ይደርሳል። ሴት ልጃቸው መራመድ የተማረችው እዚያ ዘንበል ያለ ወለል ላይ ስለሆነ ሜዳ ስትወጣ ትወድቅ ነበር። ያየ ሁሉ ይስቃል። ሕይወት ግን አትስቅም። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ወጥቷል፤ ልጅቱን ከስንጥቁ አርቃ በወዲያኛው ጥግ ታስተኛታለች፤ እሷ ራሷ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ነቅታ ታዳምጣለች።

“እትዬ ውዴ፣ ይኼ መሬት ምን ነካው?” አለቻት አንድ ቀን ስንጥቁን በጣቷ እየተከተለች።

“አፈሩ ነው እናቴ። ቀይ አፈር እንዲህ ነው።”

ቀይ አፈር እንዲህ አይደለም። ውዴ ወደ ማድቤቷ ገብታ ድንጋዩ ያለበትን ቦታ አየችው። ጉድጓዱ ከላይ የተጫነውን ኮንክሪት እንዳልቻለ፣ ጣሪያው በዚያ በኩል እየለቀቀ እንደሆነ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕይወትን ልጅ ስትስም ዓይኗን ትሰብር ጀመር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ተስፋነህ የመጣው። ተስፋነህን የማያውቅ ደብረ ታቦርን አላየም። ከመንገድ ሠሪዎች ጋር አገር ላገር ሲዞር ኖሮ አንድ ፒካፕ፣ በርሜሎች፣ ኮምፕረሰርና የዓባይን ግማሽ የሚያህል ቱቦ ይዞ ተመለሰ። ሥራው የሰመጠ ወለል ማንሳት ነው። ሊሾውን ጣት በምታህል ቀዳዳ እየበሳ፣ ከበርሜሎቹ የሚመጡትን ሁለት ፈሳሾች በቱቦው ጫፍ አገናኝቶ ከሥር ይነፋቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ይቆጣሉ፤ ያብጣሉ፤ ፎም ይሆናሉ። ፎሙ ኮንክሪቱን ከነቤት ዕቃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከዚያ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይቀራል።

“ሊጥ ኩፍ ሲል አይታችሁ የለ?” ይላል ተስፋነህ ሥራውን ሲያስረዳ። “ያ ሊጥ ወንድ ቢሆን ኖሮ ይኼን ይሆን ነበር። ሐሙሲት ላይ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ከነጤፉ አንስቻለሁ። ትንሽ አብዝቼው ቢሆን ኖሮ ሰውዬው በመስኮቱ ጣናን ተሻግሮ ያይ ነበር።”

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ዳኛቸው ጠራው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለትርዒት ወጣ። ሳሎኑ ዕቃው ወጥቶ ባዶውን ቆሟል። ተስፋነህ ከመጀመሩ በፊት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

“ከዚህ ሥር ባዶ ነገር አለ? የድሮ ሽንት ቤት፣ የእህል ጉድጓድ፣ የጅብ ዋሻ፣ ምንም? ፎም ሆዳም ነው። ባዶ ነገር ካገኘ እሱን ሳይሞላ ቀና አይልም።”

“እኛ ስንገባ ሜዳ ነበር” አለ ዳኛቸው። “መሬቱን የሚያውቁት እትዬ ውዴ ናቸው።”

ሰው ሁሉ ወደ ውዴ ዞረ።

ውዴ በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር አየች። ጉድጓዱ ውስጥ የክረምት ቀለቧና የሚቀጥለው ዓመት ዘሯ አለ፤ ነጭ ገብስ፣ ቢሆነኝ ከአባቱ የተቀበለው ዘር። እሱ ከጠፋ ገሳይ፣ አማቿ ቤት፣ የሰው ግድግዳ ሥር መተኛት ነው፤ የሰው ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ “ምን ልርዳሽ?” ማለት ነው። “አለ” ካለች ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ጉድጓዷን ያውቃል። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሕይወትም ታውቃለች፤ ስንጥቁን ያመጣው፣ ልጅቱን ከጥግ ጥግ ያሰደደው የማን ጉድጓድ እንደሆነ፣ “አፈሩ ነው እናቴ” ያለቻትም ማን እንደሆነች።

ይህን ሁሉ አስባ ሳትጨርስ አፏ በለመደው ሄደ።

“የለም” አለች። “ማረሻ ሲመላለስበት የኖረ መሬት ነው፤ ምን ይኖረዋል?”

“እንደሱማ ከሆነ ልጅቷ ዛሬ ሳይመሽ ትሮጥበታለች!” አለና ተስፋነህ ጀነሬተሩን አስነሳ።

የጀነሬተሩ ጩኸት ሲነሳ የጉና ዝንጀሮዎች ገደል ለገደል ተበተኑ። ተስፋነህ ሲባጎውን ከግድግዳ ግድግዳ ወጠረ፤ ውሃ ልኩን ሊሾው ላይ አስቀመጠ፤ ቀዳዳዎቹን በስቶ ቱቦውን ሰካ። ሰው ሁሉ የውሃ ልኩ አረፋ ላይ አፈጠጠ። አረፋዋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ፎሙ ገባ። አረፋዋ አልተንቀሳቀሰችም። ሌላ ቀዳዳ ሞከረ። አሁንም ገባ። ጣናን ሊያደርቅ የሚችል ፎም ገባ፤ ሊሾው ግን እንደ ሰነፍ በሬ በተኛበት ቀረ።

ከጎረቤት የመጣው አናጢው ጥላዬ ከበሩ ላይ ሳቅ አለ። “ተስፋነህ፣ ጣናን ተሻግረን እናያለን ያልከው መቼ ነው?”

“ዝም በል አንተ! መሬቱ መጀመሪያ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ ይነሳል።”

“እንዳንተ ነዋ! አንተ ግን ከጠጣህ በኋላ ስትነሳ አይተንህ አናውቅም።”

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ውዴ በሳቁ መሐል ሹልክ ብላ ወጣች።

ማድቤቷ ውስጥ ገብታ በሩን ገፋችው። ዶሮዎቹ ከቆጣቸው ወርደው ጥግ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ተንበርክካ ልቅላቂውን በእጇ ጠረገችና ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ከታች ይሰማል። እርጥብ እንጨት እሳት ላይ ሲያለቅስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ሲስስስ ይላል፤ ያርፍና እንደገና ይጀምራል። መዳፏን አሳረፈች። ድንጋዩ ዶሮ አሁን የተነሳችበት እንቁላል ያህል ይሞቃል። በሕይወት ያለ ነገር ከሥሩ የገባ መሰላት። ሄዳ አንዲት ቃል ብትናገር ይቆማል። ተነስታ እስከ በሩ ሄደች። ከማዶ የሕይወት ሳቅ ተሰማት፤ ሕይወት ስንጥቁ ከወጣ ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር። ውዴ ከበሩ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። ተስፋነህ ነው፤ ከኋላው ሕይወት ልጇን አዝላ ቆማለች። ውዴ በድንጋጤ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ቆመች።

“እናቴ ይቅርታ” አለ ተስፋነህ አፍንጫውን እየነፋ። “ፎሜ የት እንደሚገባ ጠፍቶኝ ግቢ ለግቢ እያሸተትኩ ነው። እዚህ ምንድን ነው የሚሸተው?”

“የዶሮ ኩስ ነው።”

“የዶሮ ኩስ እንዲህ አይሸትም።”

“የኔ ዶሮዎች እንዲህ ናቸው።”

“ምን ያበሏቸዋል? ናፍጣ?”

ሕይወት ግን የምታየው የውዴን ፊት ነበር። “እትዬ ውዴ፣ ምነው ላብ አጠመቀዎት? አመመዎት?” ብላ ከጥግ የነበረውን ዱካ አንስታ አቀረበችላት። “ትንሽ ይቀመጡ።”

“ደህና ነኝ፤ መቆም ይሻለኛል።”

ሙቀቱ በጫማዋ አልፎ ወደ ውስጥ እግሯ መጣ። ተስፋነህ አንገቱን እያከከ ወደ ሕይወት ዞረ። “እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የቀረኝ ጥቂት ነው። እሱን ልጨርሰውና ካልተነሳ መሬቱ አይረባም። ቤቱ ደግሞ ይኼን ክረምት የሚችል አይመስለኝም። ልጅሽን ይዘሽ ሌላ ቦታ ብትፈልጊ ይሻላል።”

ሕይወት በጀርባዋ ያዘለቻትን ልጅ ከፍ አደረገቻት፤ ልጅቱም ከእናቷ ትከሻ በላይ ውዴን አይታ እጇን ዘረጋች። ማዶ ጀነሬተሩ እየጮኸ ነው። ከድንጋዩ ሥር ሲስስስ ይላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልቡን ያዝ ያድርግ።

ውዴ ከድንጋዩ ላይ ዘለለች። ስትዘል የማድቤቱ ጣሪያ ተነስቶ ተቀመጠ። “አቁሙ! ጉድጓድ አለኝ! የገብስ ጉድጓድ አለኝ፤ ወለላችሁን ያሰመጠው እሱ ነው!” ብላ ጮኸች። ያ ጩኸት ጀነሬተሩን ዋጠው፤ ገሳይ ላይ ተሰማ፤ ንፋስ መውጫ ያለ ሰው ቀና ብሎ “ማን ሞተ?” አለ። ተስፋነህ ሮጦ ሞተሩን አጠፋ። ጥላዬ በመዶሻው ጭቃውን ፈረካከሰው፤ ድንጋዩን ለመንቀል ጎረምሳ ሁሉ ተረባረበ። ሲነቀል ፎሙ ከወዲያኛው ጫፍ ቢጫ ምላሱን አውጥቶ ገብሱን ሊልስ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ነበር። አንዲት ፍሬ አልነካም። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ተሰለፈ፤ በማዳበሪያ፣ በቁና፣ በጋቢ፣ በባርኔጣ ሳይቀር ገብሱ ወጣ። ገብሱ ሲከመር ፀሐይ ጋረደ።

ተስፋነህ ባዶውን ጉድጓድ በፎም ሞላው። ያን ጊዜ ነው ሊሾው ቀና ያለው! እንደ ታቦት ቀስ ብሎ፣ ክብሩን ጠብቆ ተነሳ። የውሃ ልኩ አረፋ ተንሸራታ መሐል ላይ ቆመች። ስንጥቁ ከንፈሩን ገጠመ። ልጅቱ ከእናቷ ጀርባ ወርዳ ከግድግዳ ግድግዳ ቀጥ ብላ ሄደች። ዳኛቸው የውዴን ጉልበት ሳመ፤ ሕይወትም አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ “ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻዎን ተሸከሙት?” እያለች አለቀሰች። ያ ወለል እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ልኩን የጠበቀ ነው፤ ውሃ ቢደፉበት ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ቆሞ ይቀራል።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ ልክ በዚህ መልኩ ገሳይ ላይ አወራው። መኪና ተበላሽቶ መንገደኛው ሁሉ ሻይ ቤት የገባበት ቀን ነበር። ሰው ሳቀ፤ መጨረሻው ላይ ዕንባውን የጠረገም ነበር። በሩ አጠገብ በሰፌድ እንቁላል ይዛ የምትሸጥ አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። አጭር ናት፤ የተቀመጠችበት ዱካ ከፍ ያለ ሆኖ እግሯ መሬት በቅጡ አይነካም። ስትናገርም ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ማቅረብ ነበረበት።

“አልጮኸችም” አለች።

“ማን?” አለ ጸሐፊው።

“ውዴ። አልጮኸችም።”

“እናቴ፣ እኔ ከተስፋነህ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። ጩኸቱ እዚህ ገሳይ ድረስ ተሰምቷል!”

ሴትዮዋ አንዱን እንቁላል አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው።

“ተስፋነህ በርሜሉ ሲያልቅ መሬቱ አይረባም ብሎ ሄደ። ወለሉ ንቅንቅ አላለም። ገብሱን ሰው ያየው ነሐሴ ላይ፣ ወለሉ ሲደረመስ ነው። ከፎሙ ጋር ተጣብቆ ቢጫ ድንጋይ ሆኖ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ሕይወት ልጇን አዝላ ከላይ ቆማ አየችው። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችኝም።”

ጸሐፊው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

“ውስጥ እግሬ እስኪላጥ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ነበር” አለች ውዴ፣ እንቁላሉን ወደ ሰፌዱ እየመለሰች። “አልወረድኩም።”